ስድስት እግር ያላት ጉሎ

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በባሕር ዳር ከጣና አፋፍ ባለው ቀበሌያችን፣ አንዲት ጉሎ በቅላ ተገኘች። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ ስለነበርሁ ነገሩን በመዝገብ አስፍሬዋለሁ።

ጉሎዋ የበቀለችው በጀልባ ሠሪው በአያ መስዑድ ግቢ፣ ከአጥሩ አራት እርምጃ ገባ ብሎ ነው። ጎረቤታቸው አቶ አምባቸው ግን ከሰሱ። በሰፈሩ ጉሎ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እንግዲያስ ጉሎዋ እስከ ቆመችበት ድረስ መሬቱ የእሳቸው ነው፤ አጥሩን የገፋው መስዑድ ነው ባይ ናቸው። መሬት የሕዝብ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ አጥር ግን ገና የግል ነበር።

አያ መስዑድ ጀልባ ወደ ውሃ የሚያወርዱት በዚያች አራት እርምጃ ነው። እሷን ከተነጠቁ፣ የጎርጎራ ሰዎች ያዘዟት ጀልባ ተሠርታ ግቢ ውስጥ መቅረቷ ነው።

ዳኛው ጓድ አለበል ከከሳሹ ከአቶ አምባቸው ጋር ቦታውን ሊያዩ ሲመጡ መዝገቤን ይዤ ተከተልሁ። ከበሩ ላይ አያ መስዑድንና ልጃቸውን ጦይባን አገኘናቸው፤ ጦይባ ከመምህራን ኮሌጅ መመለሷ ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ አምባቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽ አጥር ሲገፋ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ትምህርት ላይ።»

«ምን ተማርሽ?»

«ጉሎ እንዴት እንደምትሄድ።»

«ጉሎ እግር የላትም፣ ልጄ!»

«አላት፣ አባባ። ስድስት።»

ጓድ አለበል ሳቁ። አቶ አምባቸው አልሳቁም። ጦይባ ከአጥሩ ጥግ ካለችው ከእሳቸው ጉሎ ሥር አንዲት ፍሬ አነሣች።

«ይህችን መዥገር የመሰለች ፍሬ ይዩልኝ። ጫፏ ላይ ያለችው እብጠት ምንድን ናት?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ኪንታሮቷ ይሆናል።»

«ለጉንዳን የተቋጠረች ስንቅ ናት፤ ቅባት አላት። ጉንዳን ለእሷ ብሎ ፍሬዋን እንዳለች ይጎትታል። ከጉድጓዱ ያደርስና ስንቋን ይበላል፤ ቅርፊቱ ስለማይበገርለት ፍሬዋን ከደጁ ይጥላታል።»

«ጉሎ ታዲያ ምን ተጠቀመች?»

«ከእናቷ ጥላ ሥር ብትቀር ትቀጭጭ ነበር። ጉንዳን ባላላው አፈር ላይ ግን እንደ ልቧ ታድጋለች።»

«ዕድሜ ልኬን ጉንዳን በአመድ ሳባርር ኖሬአለሁ። ዘሪ ነኝ ሲል አንድም ቀን አልሰማሁም።»

«እያባረሩት መች ይነግርዎታል?»

እኔም አስተያየት ነበረኝ፤ ግን ጸሐፊ አይጠየቅም።

ጦይባ ሦስት ፍሬ ከአጥሩ ሥር አስቀመጠች። ፍርድ ሸንጎው ቁጢጥ አለ። መጀመሪያ አንዲት ጉንዳን መጣች፤ ዞራ ሄደች፤ ዘመዶቿን ይዛ ተመለሰች።

«ኧረ ጎተተቻት!» አቶ አምባቸው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። «ኧረ የጉድ ያለህ! ለካስ ገበሬ ነው! በሬ የሌለው ገበሬ!»

«አፈር ያናፍሳል፣ ዘር ያደርሳል፣ ቀለብ እንኳ አይጠይቅም። አመዱን ይተዉለት፣ አባባ።»

«ትቻለሁ! ክሴንም አንሥቻለሁ። ጸሐፊ፣ ጻፍ!»

ጻፍሁ። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን አዲስ አማኝ አያርፍም፤ አቶ አምባቸው «ቆይ፣ ቤቱን እንይለት!» ብለው ተነሡ። ጉንዳኖቹ ወደ መስዑድ አልሄዱም። በአቶ አምባቸው ጌሾ መካከል አልፈው አምስት እርምጃ ያህል ገቡና ከአንድ የገለባ ክምር ሥር ተሸሸጉ። ሽማግሌው ገለባውን በሁለት እጃቸው ይበትኑ ጀመር። ከዚያ ድንገት ቆሙ። የቀረውን ጓድ አለበል ገለጡት።

ከሥሩ ከተተከለበት ያልተነቃነቀ ድንጋይ ነበር። ዙሪያውን ስንቃቸው የተበላ የጉሎ ፍሬዎች ተከምረዋል። በድንጋዩ ላይ የቀበሌው ቀይ ቀለም ከነቁጥሩ ይነበባል።

አቶ አምባቸው «ጎርፍ ወደ ጣና ወሰደው» ብለው የመሰከሩበት የወሰን ድንጋይ ይህ ነበር። ጓድ አለበል ከቢሯቸው ሳይነሡ «በዓይናችን አይተን አረጋግጠናል» ብለው ፈርመዋል። ቃሉን አሳምሬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አያ መስዑድም ስለ ጉርብትና ብለው «የት እንደነበር አላስታውስም» ብለው ነበር፤ አሁን ከሁላችንም ያልደነገጡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጦይባ ወደ ሐይቁ ዞረች። ጉንዳኖቹ ሥራቸውን ቀጠሉ።

«ዶማ ልስጥዎ?» አሉ አያ መስዑድ፣ ቀስ ብለው።

«አለኝ» አሉ አቶ አምባቸው። ሄደው አመጡና የአጥራቸውን የመጀመሪያ እንጨት መንቀል ጀመሩ፤ ጉንዳኖቹን እንዳይረግጡ እየተጠነቀቁ።