ከአያ ይማም ጋር ቤት የተለዋወጥን ዕለት
ብር ካልተቀባበላችሁ ግብር የለባችሁም የሚላችሁ ሰው ካለ እንዳትሰሙት። ሳዑዲ ሠርቼ ባመጣሁት ብር ሐይቅ ከተማ ላይ የሠራሁት የሚከራይ ቤት ነበረኝ፤ አያ ይማም ደግሞ ውጫሌ ላይ የሚያከራዩት። እኔ ለእናቴ ልቀርብ፣ እሳቸው ለልጃቸው ሊቀርቡ ብለን ቤት ለቤት ተለዋወጥን፤ ሽማግሌዎችም ዱዓ አደረጉልን። ስም ልናዛውር ገቢዎች ቢሮ ስንሄድ ሠራተኛው የቤቶቹን ግምት ጠየቀ። አያ ይማም ቀደሙኝ፤ «የኔዋ ምን አላት! ቤትስ የሷ ነው፤ እጥፍ ያወጣል።» እኔም ይሉኝታ ያዘኝና «ኧረ ወላሂ ያንቱ ይበልጣል፤ አስፋልት ዳር!» አልኩ። እኛ ስንሞጋገስ ሠራተኛው ለካ ሁሉንም ይጽፋል።

ቀና ብሎ፣ «ሁለቱም ከተሠሩበት ዋጋ በላይ ስለሚያወጡ የትርፍ ግብር አለባችሁ» አለን። «የምን ትርፍ? ወደፊት በብር ስንሸጠው እንክፈላ!» አልኩት። «እህቴ፣ መለዋወጥም እንደ መሸጥ ነው፤ ለወደፊት የሚቆይ ግብር የለም።» አያ ይማም ይሄኔ ደነገጡ። «እንዲያ ከሆነማ ልጄ፣ የሷ ቤት ጣሪያው ያፈሳል፤ በጓዳው በኩል ሦስት ቦታ!» ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ፤ ማፍሰሱን ደብቄያቸው ነበር። ለካ እያወቁ ነው በዱዓው ላይ አሜን ያሉት። ግምቱ አልተቀነሰልንም፤ ግብሩን ከፈልን። በማግስቱ ቆርቆሮና አናጢ ይዤ ሐይቅ ሄድኩ።