የወረቀት ፍቺ

— ሄሎ... ሄሎ... አቤት፣ ድሬዳዋ ነው... አዎ፣ የአቶ ሣህሉ ቤት... እኔ ነኝ፣ የኔነሽ፣ ባለቤቱ... ከአዲስ አበባ? አገናኚን የኔ እናት፣ እጠብቃለሁ።

ከዚራ ሰፈር ያለው የዚህ ቤት ስልክ በወር አንዴ ቢጮህ ነው። ሣህሉ ምድር ባቡር ሲሠራ ያስገባው ነው፤ እሱ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ስልኩ ግን እዚሁ ቀርቶ ይጠብቀዋል። የኔነሽ ከልብስ ማጠቢያው ሮጣ፣ በእጇ አረፋ እንዳለ ነበር ያነሳችው። ያን ሳሙና ከቀበሌ ለማግኘት ግማሽ ቀን ተሰልፋበታለች። ሌላ ሰው ቢሆን የደወለው፣ አረፋው ስልክ ላይ መቅረቱ ያናድዳት ነበር።

— ሄሎ፣ ሣህሉ? ትሰማኛለህ?... እኔም እሰማሃለሁ፣ ብቻ ጮክ በል... ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?... ጉንፋን? ካፖርትህን አትለብስ፣ አውቅሃለሁ... እማማ ደህና ናቸው፣ ይኸው ምስር እየለቀሙ... እማማ፣ ሣህሉ ነው... ሣህሉ፣ ልጅዎ... እሺ እነግረዋለሁ። ሳሚልኝ ይላሉ። እንዴት አድርጌ በስልክ እንደምስምህ እንጃ።

እማማ አሰገደች የሣህሉ እናት ናቸው። መስኮቱ ስር ሰፌዳቸውን ታቅፈው ወደ ስልኩ ፈገግ አሉ።

— ሰርካዲስ? ትምህርት ቤት ናት። ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች። ሒሳብ ነው የጎተታት፣ እሱን ካንተ ነው የወረሰችው... ቧንቧው? ያው ነው አቦ። ቀኑን ሙሉ ያፏጫል፣ ውሃ የለም። ዒልሚ ከሱቁ መጥቶ በላስቲክ አሰረልኝ፤ አሁን ማፏጨቱንም ተወ... ስኳርማ ካየን ቆየን። ቀበሌ ስሄድ «ነገ» ይሉኛል፣ በነገታው ስሄድ «ትናንት መጥቶ አለቀ» ይሉኛል። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው ራሱ ስኳሩ ነው... እ?... ምን ልላክልህ?... የምን ወረቀት?

ከዚያ ሳቀች።

— የፍቺውን?

ነገሩ በእርግጥ ያስቃል። በስልሳ ሰባት የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ባልና ሚስቱ ሁለት ቤት ነበራቸው፤ ይሄኛውና መጋላ ሰፈር ውስጥ ሣህሉ ከአባቱ የወረሰው ባለ ሁለት ክፍል። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ ፈቀደ። ያኔ በከተማው አንድ ብልሃት ተወራ፤ ባልና ሚስት በወረቀት ከተፋቱ ለየራሳቸው አንዳንድ ቤት ይደርሳቸዋል ተባለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ እነሱም ተፋቱ።

ግን ያለ ጠብ ማን ይፋታል? ሽማግሌ የሚያምነው ጠብ ያስፈልጋል። የኔነሽ ደጃፍ ላይ ወጥታ ደህናውን እንስራዋን ሰበረች፣ ሣህሉም ሰፈሩ እስኪሰማ ሰደባት። ጨዋታ መሆኑ ያልተነገረው ጎረቤታቸው ዒልሚ ሱቁን ዘግቶ መጣና፣ «ወሪያ ሣህሉ፣ ወላሂ ቤትህን አታፍርስ» እያለ እንባውን አፈሰሰ። እነሱ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለማስታረቅ ሞክረው ሞክረው ሲያቅታቸው ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ ሣህሉ በመዝገብ የመጋላ ነዋሪ ሆነ፤ የገዛ ሚስቱን ግን እንደ ውሽማ በጓሮ በር ይጎበኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ሁለቱንም ጥሟቸው ነበር። ወሬው ሲረሳ ታርቀናል ብሎ በፊት በር ተመለሰ፤ ወረቀቱ ግን እንዳለ ቀረ።

— አለ፣ ሳጥን ውስጥ ነው። ወዴት ይሄዳል... ምን ሊያደርግልህ?... ለቤት? አዲስ አበባ ቤት ሊሰጡህ ነው? እሰይ፣ ይሄን አስቀድመህ አትነግረኝም? ታዲያ ልንመጣ ነዋ። እማማን ብርዱ እንዳይጎዳቸው እንጂ... ቆይ፣ ቆይ እስቲ ሣህሉ። ቤት ለመስጠት ፍቺ ምን ያደርግላቸዋል? ሰፋ ያለውን የሚሰጡት ለባለትዳር አይደል?... እህ... እህ... ማነው አምጣ ያለህ?... ማዘጋጃ ቤት?

የኔነሽ ወንበር በእግሯ ስባ ተቀመጠች።

— ማዘጋጃ ቤት፣ ሣህሉ፣ ቤት አይሰጥም። ቤት የሚሰጠው ቀበሌ ነው... እኔን አታሞኘኝ። የፍቺ ወረቀት አምጣ ብሎ ማዘጋጃ ቤት የሚያስፈርመው ጋብቻ ነው... ሄሎ... ሄሎ፣ አለህ?

...

— ልትነግረኝ ነበር? መቼ? ወረቀቱ ከደረሰህ በኋላ?... ስሟን አልጠየቅሁህም። ተወው... ስንት ጊዜ ሆናችሁ?... ዓመት። እንግዲያው ለጥምቀት ስትመጣ ነበረች። እዚህ ስታድር፣ እግርህን ሳጥብህ፣ እሷ ነበረች... መልስ አልፈለግሁም።

ድምጿን አልጨመረችም። እንደውም ዝቅ እያለ ሄዶ እሱ ነበር መልሶ መላልሶ «ምን አልሽ?» የሚለው።

— በሕግ?... በሕግ ተፋተናል ትለኛለህ? እንስራውን ስሰብር ከኋላዬ ቆመህ «ጠንከር አድርጊው፣ አይሰማም» ያልከኝ ማነው? ሕጉ ነው?... ዒልሚ እስከዛሬ ሲያየኝ «ያኔ በኔ ልመና ታረቃችሁ» ብሎ ይኮራል፤ አሁን በየት በኩል አልፌ ሱቁ ልሂድ?... ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኛው ስምንት ዓመት አድሮ ዛሬ ነው የከበደኝ።

— የለም፣ ልጨርስ። ሰርካዲስን «አባቴና እናቴ ተፋተዋል በይ» ብዬ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመቷ ነበር። እያለቀሰች ነው ያጠናችው። ምን ብዬ አባበልኳት መሰለህ? «ውሸት እኮ ነው ልጄ፣ አባባ የትም አይሄድም» አልኳት። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ምን ልበላት? ንገረኝ፣ አንተ አባቷ ነህ።

— ምንም አይደለም እማማ፣ ጉንፋን ይዞት ነው... ይልቀሙ እርስዎ።

— እማማን?... ልትወስዳቸው? ማን ውሰድልኝ አለህ?... «ሸክም እንዳይሆኑብሽ»? ዛሬ ነው ሸክምነታቸው የታየህ? በስልሳ ዘጠኝ የሶማሊያ አውሮፕላን ሊደበድበን ሲመጣ አዝዬ ጓሮ ጉድጓድ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፣ አንተ ከባቡሩ ጋር አዋሽ ቀርተህ ነበር... አልወቀስኩህም፣ ሥራህ ነበር። ብቻ አንድ ነገር ስማኝ። ወረቀቱ ላይ ያንተ ፊርማ አለ፣ የኔም አለ። የእማማ ፊርማ የለም። እሳቸው አልፈቱኝም።

መስመሩ ተንሿሿ። ቴሌፎኒስቷ ገብታ ይቀጥል እንደሆነ ጠየቀች።

— ይቀጥል እህቴ፣ ጨምሪለት... ሄሎ... አዎ አለሁ... ምን?... ድገመው እስቲ... «ለእማማ አትንገሪብኝ»?

ከሁሉም ያቃጠላት ይሄኛው ነው። ሌላ ሴት ወደደ፤ ይሁን፣ ሰው ነው፣ ይሆናል። ከሷ ጋር የነበረውን ትዳር በወረቀት አሳብቦ አፈረሰ፤ እሱንም አንድ ቀን ትችለው ይሆናል። ለአዲሱ ውሸቱ ግን ዛሬም ተባባሪ የሚፈልገው እሷኑ ነው። የኔነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ መጣ፤ ሳሙና በደረቀበት እጇ ጠረገችው፣ ዓይኗንም አቃጠላት።

— እሺ። አልነግርብህም... አይዞህ፣ እኔ ቃል አይወጣኝም። አንተው ነህ የምትነግራቸው... የለም፣ አሁን። ለእኔ በስልክ ከተነገረ ለእሳቸውም በስልክ ይነገራል... እማማ፣ እስቲ ይነሱ። ልጅዎ ሊያነጋግርዎ ነው... አዎ፣ እርስዎን ነው የፈለገው። ሰፌዱን ለኔ ይስጡኝ... ቀስ ብለው... ሣህሉ፣ በቀኝ ጆሯቸው ነው የምይዝላቸው፣ ግራው ደክሟል። ጮክ ብለህ ተናገር። ይኸው።

እማማ አሰገደች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በምራታቸው በኩል ሳሚልኝ ይሉ ነበር እንጂ እሱ ራሱ በስልክ አነጋግሯቸው አያውቅም። ሄሎ ልጄ አሉ። ጠበቁ። እንደገና ሄሎ አሉ፣ ከፍ አድርገው። ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው ካዩት በኋላ መልሰው አስጠጉት፤ ከዚያ መበላሸቱ የእሳቸው ጥፋት ይመስል አፍረው ለምራታቸው ዘረጉላት።

የኔነሽ ተቀብላ ሰማችው። ቱ፣ ቱ፣ ቱ ይላል። ቦታው መለሰችውና እጃቸውን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው።

— አይ እማማ፣ መስመሩ አይደለም የተቋረጠው። እሱ ነው የዘጋው። ይቀመጡ፣ እኔ እነግርዎታለሁ።