የጀብሪል የግንባር ባትሪና ሃያ ስድስቱ ድንጋዮች

መካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ
የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ጀማሉዲን አራጌ
ዕድሜ፦ 15 ዓመት
ሃይማኖት፦ እስላም
ሥራ፦ ተማሪ፣ ስምንተኛ ክፍል
አድራሻ፦ መካነ ሰላም ከተማ፣ ከቆዳ መጋዘኑ በላይ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ ጥቅምት 21 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ የአሥር አለቃ ምናለ
አብረው የተገኙ፦ የምስክሩ እናት ወ/ሮ ዘሊካ
ጉዳዩ፦ ከመጠለያው ዕቃ ቤት ጠፉ ስለተባሉ 24 አዳዲስ የባትሪ ድንጋዮች

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ከእናቴ ጋር መጥቻለሁ። የመጣሁት በመጠለያው በሽተኛ የሚያክሙት ድሬሰር ፈንታው አልታዬ ከሰኞ ጥቅምት 18 ጀምሮ በዚህ ጣቢያ መታሰራቸውን ስለሰማሁ ነው። የታሰሩት ከመጠለያው ዕቃ ቤት ሃያ አራት አዲስ የባትሪ ድንጋይ አውጥተው ለወንድሜ ለጀብሪል አራጌ ሰጥተዋል ተብለው ነው። ወንድሜ እሑድ ጥቅምት 10 ቀን በተስቦ ሞቷል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እሱ ቀርቦ መናገር ስለማይችል፣ ስለ እሱም ሆነ ስለ ድንጋዮቹ የማውቀውን እኔ እናገራለሁ።

ወንድሜ ጀብሪል እንጀራው ልብስ ሰፊ ቤት ረዳትነት ነበር። ፍቅሩ ግን ባትሪ ነበር። ከደሴም ይምጣ ከወግዲ፣ የእጅ ባትሪ የያዘ እንግዳ ከተማው ከገባ ጀብሪል ሰላምታውን ሳይጨርስ "እስቲ ላየው" ይል ነበር። ጀንበር ስትጠልቅ ባትሪውን ይዘን ወደ ትምህርት ቤቱ ግንብ እንወርዳለን። ከግንቡ እስከ ሾላው መቶ አሥር እርምጃ ነው፤ የለካነው እኔና እሱ ነን። እሱ ከግንቡ ሥር ሆኖ ያበራል፣ እኔ ወደ ሾላው እየሄድኩ ብርሃኑ የሸሚዜን ቁልፍ ማሳየት የሚያቆምበትን ቦታ እጠራለሁ። ከዚያ በደብተሩ ይጽፋል። ደብተሩ አሁን በኤግዚቢት ተይዞ በፊቴ ስላለ አንድ ገጽ እንዳነብ ተፈቅዶልኛል። እንዲህ ይላል፦ "ሰኔ 9። የመምህርት ብርሀንነሽ ባትሪ። ሁለት ድንጋይ። ሰባ አራት እርምጃ። መሐሉ ላይ ጥቁር ዓይን አለው። አንገቱ ላላ ነው፣ ዝናብ ያስገባል። መያዣው ግን ለሴት እጅም ለወንድ እጅም ይመቻል።"

ጥቁር ዓይን ማለት ምን ማለት ነው ተብዬ ተጠይቄ፣ ባትሪ ግድግዳ ላይ ሲበራ በክቡ መሐል የሚታየው የጨለማ ነጥብ ነው ብዬ መልሻለሁ። ጀብሪል ይህን ነጥብ እንደ ጠላት ይቆጥረው ነበር። አምፖሉ ከመስታወቱ ጉድጓድ በትክክል ሳይቀመጥ ሲቀር የሚመጣ ነው ይል ነበር፤ በክብሪት እንጨት ስንጣሪ ከፍና ዝቅ እያደረገ ያጠፋው ነበር። የከተማው ሰው "የባትሪ ቃዲ" ይለዋል። አንድ የከላላ የበቅሎ ነጋዴ ክንድ የሚያህል የሚያብረቀርቅ ባትሪ ገዝተው መጥተው በሰው ፊት "በል ቃዲው፣ ፍረድ!" ቢሉት ጀብሪል ሾላው ድረስ አስሮጠኝና፣ "አባባ፣ ሆዱ የሀብታም ነው፣ ዓይኑ የድሀ" አላቸው። ሰዉ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ባትሪውን ትተውለት ሄዱ። ጀብሪል የደበዘዘውን መስታወት በሲጋራ የብር ወረቀት ለብጦ በሳምንቱ ሲመልስላቸው ብርሃኑ ሾላውን አልፎ ሄደ። "አላህ ዓይንህን አያጥፋው" ብለው መርቀውታል።

በዚህ ጊዜ የአሥር አለቃው ወደ ጉዳዩ እንድገባ አሳሰቡኝ። ጉዳዩ ይኸው ነው ብያለሁ።

በነሐሴ ወር 1966 ዓ.ም. ወንድሜ ከማዳበሪያ የተሰፉ ብርድ ልብሶችን ለመጠለያው እንዲያደርስ ተላከ። መጠለያው በራብ ከቀያቸው የተነሱ ሰዎች የሰፈሩበት የድሮው የቆዳ መጋዘን ነው። መስኮት የለውም፤ በእኩለ ቀን እንኳ ከበሩ አሥር እርምጃ ከገቡ ሰው ከሰው አይለይም። ጀብሪል ሲገባ ድሬሰር ፈንታው ተንበርክከው፣ የእጅ ባትሪ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ግሉኮስ ለመስጠት የአንድ ሕፃን ደም ሥር ይፈልጉ ነበር። መርፌውን ሦስት ጊዜ ሳቱ። ብርሃኑ ከራሳቸው ትንፋሽ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድሜ ቤት መጥቶ ምሳውን አልበላም። "አንድ ሰው ሁለት እጅ ኖሮት ብርሃን በጥርሱ ይያዝ?" አለ።

የግንባር ባትሪውን በዘጠኝ ቀን ሠራው። አሠራሩን እንዳስረዳ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ። የሚያበራው ጭንቅላቱ ከተሰበረ የእጅ ባትሪ የተቆረጠ ነው። ግንባር ላይ የሚያስረው ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ነው፤ ቆዳ እንዳይልጥ ውስጡን ጨርቅ ሰፍቶበታል፤ ስፌቱን ማየት ይቻላል። ድንጋዮቹ ግንባር ላይ እንዳይከብዱ በወገብ በሚታሰር የቀርከሃ ቱቦ ውስጥ ይገባሉ፤ ከቱቦው እስከ ግንባር ሽቦ ይወጣል። ቱቦው ለሦስት ድንጋይ ልክ ሆኖ የተቆረጠ ነው። ሁለት ቢገባበት አይነካካም፣ አይበራም። አምፖሉ ግን ለሁለት ድንጋይ ባትሪ የተሠራ ነው። ይህን ያደረገው አስቦበት ነው። አዲስ ድንጋይ የመግዛት አቅም አልነበረንም፤ ሰው አለቀ ብሎ የጣለውን ነበር የሚለቅመው። የደከሙ ሦስት ድንጋዮች የአዲስ ሁለት ያህል ጉልበት አላቸው። "ሦስት ሽማግሌ የሁለት ጎረምሳ ሥራ ይሠራል" ይል ነበር። ድንጋዮቹን ከሾፌሮች፣ ከመምህራን፣ ከሱቆች ደጅ ለቅሟል። ከዚህ ጣቢያ ጓሮም ለቅሟል። ይህም ይጻፍ ወይ ብዬ ብጠይቅ የአሥር አለቃው "ይጻፍ" ብለዋል።

የተለቀመውን ድንጋይ አገሩ ሁሉ እንደሚያደርገው በጥርስ ይነክሰዋል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዲገባ ብሎ ወረቀታቸውን የሚልጠው ግን እሱ ብቻ ነው። የኛ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ጣራው ላይ ይደረድራቸው ነበር።

ጳጉሜን 3 ቀን የግንባር ባትሪውን ይዘን አብረን ወደ መጠለያው ሄድን። ይታይሽ የምትባል ከከላላ በኩል የመጣች ሴት ልጇን ታቅፋ ነበር፤ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ክንዱ የኔን አውራ ጣት አያህልም። ጀብሪል ላስቲኩን በድሬሰሩ ግንባር ላይ አስሮ አስተካከለው። ድሬሰሩ በመጀመሪያው ውጋት ደም ሥሩን አገኙ። ቀና ብለው ሁለቱን እጆቻቸውን አገላብጠው አይተው፣ "እጄን መለስክልኝ እኮ" አሉት። ይታይሽ ደግሞ ብርሃኑ ዓይኗን ሲወጋት በነጠላዋ እየተከለለች "ምነው፣ ጀንበር ግንባር ላይ በቀለች እንዴ?" አለች። ከሞት የተረፈ ሰው ሲስቅ የሰማሁት በዚያ መጋዘን ያን ቀን ነው። ልጁ በሕይወት አለ፤ አሁን በእግሩ ይሄዳል፤ ከተፈለገ ቀርቦ ሊታይ ይችላል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ በየቀኑ ከልብስ ሰፊው ቤት ሲወጣ ወደ መጠለያው ይሄዳል። ሦስት የደከመ ድንጋይ ከአንድ ሰዓት በላይ አያበራም፤ ስለዚህ አንዱ ሦስት ሲሠራ ሌላው ጣራ ላይ ይሞቃል። ረመዳን ሲገባም ጾሙን ይዞ አላቋረጠም። እናቴ የመጠለያው ቅማል ተስቦ ያመጣል ብላ ለምናዋለች። "እማ፣ ድንጋዩን የሚለውጥላቸው ማነው?" ከማለት ሌላ መልስ አልሰጣትም። መስከረም 28 ቀን ወደቀ። ኢድን በአልጋ ላይ ዋለ። ንግግሩ ሳይጠፋ በፊት ለኔ የነገረኝ የመጨረሻ ቃል "ድንጋዮቹን ጀንበር እንዳታሳጣቸው" የሚል ነው።

ስለዚህ ድንጋዮቹን ጣራ ላይ ያሰጣኋቸው እኔ ነኝ። ዓርብ ጥቅምት 15 ቀን ሰው ለለቅሶ ቤታችን ተቀምጦ ሳለ ሃያ ስድስቱንም ደርድሬያቸው ነበር። የመጠለያው ዕቃ ቤት ኃላፊ አቶ ገበየሁ ሊያጽናኑን መጥተው በሩ ላይ ቀና ሲሉ አዩዋቸው። "ይኼ ሁሉ ድንጋይ ከየት መጣ? ወረቀቱስ ለምን ተላጠ?" አሉኝ። እኔ እያለቀስኩ ስለነበረ፣ እሳቸውም ታላቅ ሰው ስለሆኑ፣ ረጅም ነገር ማስረዳት አልቻልኩም። "ከድሬሰሩ ጋር የሚሠራበት ነው" ብቻ አልኩ። ድሬሰር ፈንታው የታሰሩት በዚህ በኔ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ስሕተቱ የኔ እንጂ የሳቸው ወይም የወንድሜ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ኤግዚቢቱ በፊቴ ተፈትቶ ተቆጠረ፤ ሃያ ስድስት ድንጋይ፣ አንድ የግንባር ባትሪ፣ አንድ ደብተር። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንስቼ የጥርስ ምልክቱን ለአሥር አለቃው አሳይቻለሁ። ሁሉም ተነክሰዋል። በሁሉም ላይ ከምልክቱ መሐል አንድ ጥርስ ይጎድላል። ወንድሜ የላይኛው የፊት ጥርሱ በበቅሎ ርግጫ የወለቀ መሆኑን ከተማው ያውቃል። እናቴ አንዱን ድንጋይ ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ለጥቂት ጊዜም አልመለሰችውም።

አቶ ገበየሁ በግቢው ስለነበሩ ተጠርተው ገቡ። "አዲስ ድንጋይስ ቢሆን አይነከስም? ሌባ ጥርስ የለውም ያለው ማነው?" አሉ። ቀጥለውም ኢትዮጵያ ትቅደም በተባለበት ዘመን የሕዝብ ንብረት የነካ በልጅ ወሬ አይለቀቅም አሉ።

በዚህ ጊዜ አንድ ማረጋገጫ አለኝ አልኩ። ይህ ባትሪ በአዲስ ድንጋይ ሊሠራ እንደማይችል፣ ሦስት አዲስ ድንጋይ ከገባበት አምፖሉ እንደሚቃጠል ተናገርኩ። የአሥር አለቃው "ይሞከራ" አሉ። እኔ ግን ባትሪውን ወደ ራሴ ሳብኩት። የሳብኩበትን ምክንያት ተጠይቄ፣ እንዲህ ያለ አምፖል በከተማው ሱቅ እንደማይገኝ፣ ወንድሜም የተወው ይህን አንዱን ብቻ እንደሆነ ተናግሬያለሁ። እናቴ "አብራው፣ ልጄ" አለችኝ። "ወንድምህ ብርሃን ሲሰስት አይቼው አላውቅም።"

የክፍሉ መስኮት ተዘጋ። በመጀመሪያ ከሃያ ስድስቱ ሦስቱን አስገባሁ። ባትሪው በራ፤ ብርሃኑ ቢጫ ነው፣ ግን የጸና ነው፤ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁላችንም አንብበናል። ቀጥሎ የአሥር አለቃው ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ የገዟቸውን ሦስት አዲስ ድንጋዮች ከራሳቸው ባትሪ አውጥተው ሰጡኝ። ላስቲኩን በግንባሬ አሰርኩ። ድንጋዮቹን አስገብቼ ክዳኑን አጠበቅሁ። ነጭ ብርሃን ወጣ። አምስት እስክቆጥር ቆየ። ከዚያ ጠፋ። አምፖሉ ሲታይ ውስጡ ጠቁሯል።

አቶ ገበየሁ የጠቆረውን አምፖል ተቀብለው አይተው መለሱት። የአሥር አለቃው መስኮቱን ራሳቸው ከፈቱ።

ከዕቃ ቤቱ የጠፉትን ሃያ አራት ድንጋዮች ማን እንደወሰዳቸው ተጠይቄ፣ አላውቅም ብያለሁ። ባላየሁት ነገር ሰው አልወነጅልም። የማውቀው እኛ ቤት አለመግባታቸውን፣ ድሬሰር ፈንታውም ለወንድሜ ከምስጋና በቀር ምንም ነገር አለመስጠታቸውን ነው።

የምጠይቀው ነገር እንዳለ ተጠይቄ ሁለት ነገር ጠይቄያለሁ። አንደኛው፣ አምፖል ከደሴ ሲመጣ የግንባር ባትሪው ለድሬሰር ፈንታው እንዲመለስ ነው፤ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ማሰጣትና መለወጥ ከትምህርት መልስ የኔ ሥራ ይሆናል። እናቴም ይህን ሰምታ አልከለከለችኝም። ሁለተኛው፣ በደብተሩ ላይ እንድጽፍ እንዲፈቀድልኝ ነው። ወንድሜ ሠላሳ ስምንት ባትሪ መዝኖ ጽፏል፤ የራሱን ግን አልጻፈም። ስጠይቀው "ለገዛ ልጁ የሚመሰክር አባት አለ?" ብሎኝ ነበር። ባዶ የተወውን ገጽ የአሥር አለቃው ከፍተው ብዕራቸውን ሰጡኝ። በፊታቸው የጻፍኩት ቃል በቃል እንዲህ ነው፦

"ጥቅምት 21። የጀብሪል አራጌ የግንባር ባትሪ። በሦስት ሽማግሌ ድንጋይ አንድ ሰዓት ይሠራል። በሦስት አዲስ ድንጋይ አምስት እስኪቆጠር ብቻ። በሾላው አልተለካም፤ በመጋዘኑ ግን የሕፃን ደም ሥር ያሳያል። ሁለት እጅ ይመልሳል። ጥቁር ዓይን የለውም።"

ከላይ ያለው ሁሉ ከአፌ የወጣ ነው። የአሥር አለቃው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንብበውልኛል፣ ከዚያም እኔ ራሴ ለእናቴ አንብቤላታለሁ። ያልጎደለና ያልተጨመረበት እውነት መሆኑን በወንድሜ ስም አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ጀማሉዲን አራጌ
የእናቱ የጣት አሻራ፦ ወ/ሮ ዘሊካ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ የአሥር አለቃ ምናለ

ማስታወሻ፦ የተቃጠለው አምፖል በኤግዚቢትነት ስለማያስፈልግ ለምስክሩ ተመልሷል። ሦስቱ አዳዲስ ድንጋዮች የቃል ተቀባዩ የግል ንብረት ናቸው።