እግረ ደረቋ ልጅና ሃያ አራቱ ቁልፎች

ነገርን ነገር ያነሳዋል። መምህርቷ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ጎራ ያለችው የካፖርቷ ቁልፍ ተበጥሶባት እንጂ ክርክር ፈልጋ አልነበረም። ሽማግሌው ግን ማን መሆኗን ሲሰሙ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

“የልጅ ልጄን ቁማር የምታስተምሪያት አንቺ ነሽ? ቁልፎቼን ከረጢት ውስጥ ከትታ ‘ቀይ ነው ነጭ የሚወጣው? ይገምቱ አባባ’ ስትለኝ ትውላለች!”

“ቁማርስ አይደለም አባባ፤ የሚያስይዝም የሚበላም የለም። ሦስት ቀይና አንድ ነጭ ቁልፍ እንከታለን። ልጆቹ ይገምታሉ፣ ሳያዩ ያወጣሉ፣ የወጣውን ጽፈው ይመልሳሉ። ቀዩ አዘውትሮ እንደሚወጣ፣ ነጩም አንዳንዴ ማንንም ሳይጠላ ብቅ እንደሚል በገዛ እጃቸው ያዩታል።”

“ዕድል ከሰው ጋር ይወለዳል እንጂ ከከረጢት አይወጣም! ይኸው እሷ ራሷ እግሯ ደረቅ ነው። በፊት በር የገባች ቀን ደንበኛ ዝር አይልም። በኋላ በር የማስገባት ወድጄ መሰለሽ?”

እኚህ ሰው ክፉ አልነበሩም። የልጅቷን ቀሚስ ሁሉ በእጃቸው የሰፉ አያት ናቸው። ነገር ግን ደግ ሰው ያመነበት ስህተት ከክፉ ሰው ስድብ ይልቅ ልጅ ልብ ውስጥ ይገባል።

መምህርቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “አባባ፣ ከከረጢቱ የማውጣት ተራዋ ሲደርስ እጇን ከጀርባዋ ትደብቃለች። ‘የኔ እጅ መጥፎ ነው፤ ሌላ ልጅ ያውጣልኝ’ ትላለች። ገና ስድስት ዓመቷ እኮ ነው።”

ሽማግሌው መርፌያቸውን አነሱ። መርፌው ላይ ክር ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክረው ሳቱ።

“ለመሆኑ በኋላ በር ገብታም ደንበኛ ያጡበት ቀን የለም?”

“እሱን ደግሞ ማን ያስታውሰዋል!”

“እንግዲያው እንቁጠረዋ።”

ተስማሙ። ከረጢት ውስጥ አሥራ ሁለት ቀይና አሥራ ሁለት ነጭ ቁልፍ ከተቱ። ትምህርቷ ከሰዓት በኋላ ነውና ልጅቷ በየጠዋቱ ደጅ ቆማ አንድ ታወጣለች፤ ቀይ ከሆነ በፊት በር፣ ነጭ ከሆነ በኋላ በር ትገባለች፤ የወጣው አይመለስም። እስከ እኩለ ቀን ደንበኛ ከመጣ አያት ከገባችበት በር አጠገብ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይሰምራሉ። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ እጇን ከጀርባዋ ደብቃ ቆይታ በጭንቅ አወጣች። በሳምንቱ እየዘፈነች ታወጣ ጀመር።

ቁልፎቹ ሲያልቁ መምህርቷ ተጠርታ መጣችና መስመሮቹ ተቆጠሩ። በፊት በር ከገባችባቸው አሥራ ሁለት ቀናት በስምንቱ፣ በኋላ በር ከገባችባቸው ደግሞ በሰባቱ ደንበኛ መጥቷል።

ሽማግሌው ጠረጴዛውን በደስታ መቱት። “ለካ እግሯ እርጥብ ኖሯል! በአንድ ቀን በለጠች!”

“አይደለም አባባ” አለች ልጅቷ፣ እንደ መምህርቷ ጣቷን አንስታ። “አንድ ቀን ትንሽ ናት። እግሬ ደረቅም እርጥብም አይደለም። እግር ነው።”

አያት ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ እንባ ሊዞርባቸው ሆነና ተነሥተው የኋላውን በር ቆለፉት። ለክፍሉ ልጆች ሁሉ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ሰፉ። ደግ አደረጉ! አጋጣሚን ከልጅነቱ መቁጠር የለመደ ሰው ጠንቋይ አያታልለውም፤ ሲያጣ ራሱን አይረግምም፤ ሲያገኝም በሰው ላይ አይኮራም።

በማግስቱ ልጅቷ በፊት በር ገባች። እኩለ ቀን ሆነ፤ ማንም አልመጣም። ቀና ብላ አያቷን በፍርሃት አየቻቸው።

“አጋጣሚ ነው ልጄ” አሉ መርፌውን እያቀበሏት። “ይልቅ ነይ ክር አስገቢልኝ፤ ያንቺ እጅ ከኔ ይሻላል።”