ሃያ አምስት የቀርቀሃ ወንበር

ሩሐማ እህቴ፣ እኔ ነኝ፣ ታረቀኝ። ይሄን ድምፅ ብቻሽን ሰምተሽ እንዳትዘጊው። ድንኳኑ ውስጥ ስልኩን ማይኩ ላይ አስጠግተሽ አጫውቺው፣ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ። እኔ ካማሺ ነኝ። ወንዙ ሞልቶ መኪና አላሳልፍ ብሏል፣ ከትናንት ጀምሮ ዳር ላይ ቆሜ የአባቴ ቀብር ሊያልፈኝ ነው። አጎታችን ጋሽ ገረሱ የአባባን ዜና ሕይወት ጽፈው በስልክ ላኩልኝ፣ አነበብኩት። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ሁሉም ነገር አለበት፣ አንድ ነገር ብቻ የለበትም፣ እሱ የሌለው ደግሞ አባባ ሰው ፊት ይነበብልኝ ብለው የለመኑን ነው። ደውዬ ስጠይቃቸው፣ የለቅሶ ቀን ሟች አይዋረድም አሉኝ። እሺ። እንግዲያው ያንን ወረቀት እጠፉትና አስቀምጡት፣ እኔ እናገራለሁ። ወረቀት አልያዝኩም፣ ዓመተ ምሕረት ከሳትኩ እማማ ታርመኝ።

አቶ ደባልቄ ኤጀታ ከአባታቸው ከአቶ ኤጀታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋሉል በ1957 ዓ.ም. ናዝሬት ተወለዱ። አያቴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ፣ አባባም ያደጉት ሐዲዱ ስር ነው። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚያው ተማሩ። በ1977 ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደው ሰሜን ከረሙ፣ ሦስት ዓመት። የጋሽ ገረሱ ወረቀት "የሀገር ግዴታቸውን በጀግንነት ተወጥተዋል" ይላል፣ ተወጥተዋል፣ እኔ አልክድም። ግን ከዚያ ይዘውት የመጡትን እኛ የቤቱ ልጆች እናውቃለን። የድስት ክዳን ሲወድቅ አባባ መሬት ላይ ናቸው። ተኩስ ከሩቅ ሰምተው ይሄ ክላሽ ነው፣ ይሄ መትረየስ ነው፣ ይሄ ወደኛ ነው፣ ይሄ ወደዚያ ነው ብለው የሚለዩ ሰው ነበሩ፣ በዚያ ጆሮ ነው ከሞት የተረፉት። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከውትድርና ሲመለሱ አዲስ አበባ እሳት አደጋ ተቀጠሩ። ሥራውን ወደዱት። እሳት ቢያንስ ከየት እንደሚመጣ ይታያል ይሉ ነበር። በ1988 እናታችንን፣ ያን ጊዜ መምህርት የነበሩትን ወይዘሮ የወርቅውሃን አገቡ። በዓመቱ፣ አዲስ ክልል ተቋቁሟል፣ ባለሙያ ይፈለጋል ሲባል፣ አባባ እጃቸውን አውጥተው አሶሳ መጡ። ያኔ ክልሉ ገና ልጅ ነው፣ ሦስት ቢሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። ለአባባ የተሰጣቸው አንድ አሮጌ የውሃ ቦቴ፣ አምስት ሰውና "የእሳት አደጋ ኃላፊ" የሚል ማህተም ነው። ቱቦው ከማህተሙ ስድስት ወር ዘግይቶ ነው የደረሰው። ቦቴውን ጠዋት ለሚገነባው ቢሮ ሲሚንቶ ማጠጫ ይወስዱታል፣ ማታ የባለሥልጣን በርሜል ይሞላል፣ እሳት ሲነሳ ታንከሩ ባዶ ነው። አባባ ተጣሉ። ደብዳቤ ጻፉ፣ መልስ ሲያጡ ጎማው ፊት ቆሙ። በመጨረሻ አሸነፉ፦ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ፣ ሳሩ በሚቃጠልበት ወራት፣ ቦቴው ሙሉ ሆኖ ይቆማል፣ ንቅንቅ አይልም፣ ቁልፉም ከኃላፊው ኪስ አይወጣም። ይሄ በጋሽ ገረሱ ወረቀት ላይ አለ፣ "ጠንካራ አሠራር ዘረጉ" ተብሎ። አዎ ዘረጉ። ያው አሠራር ነው ጉድ የሠራቸው።

መጋቢት 1992። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐዩ የሚጠብስበት ሰዓት፣ አንድ ሰው በብስክሌት እየበረረ መጥቶ ወደ ባምባሲ መውጫ ያለው ሰፈር እየነደደ ነው አለ። ያ ሰፈር ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ የቀርቀሃ ቤት ነው፣ ግድግዳውም አጥሩም። አባባ ወዲያው አስነሱ። በመዝገቡ ላይ በእጃቸው ጽፈውታል፣ እኔ አይቼዋለሁ፦ የወጣንበት ዘጠኝ ከአሥር፣ የደረስንበት ዘጠኝ ከአሥራ አራት። አራት ደቂቃ። በዚያ መንገድና በዚያ መኪና አራት ደቂቃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሹፌሩ ጋሽ ሱለይማን ይንገሯችሁ፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ ናቸው።

ልክ ቱቦውን ሊዘረጉ ሲሉ ተኩስ ተሰማ። ጠ፣ ጠ፣ ጠ፣ ከዚያ ድም። አባባ መሬት ላይ ወደቁ፣ ሁሉንም አስተኙ፣ መኪናው ወደ ተኩሱ እንዳይነዳ ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ፣ ሞተሩ ካልተነሳ ደግሞ ውሃ አይወጣም። ጋሽ ሱለይማን ብቻ አልተኙም። የዚህ አገር ልጅ ናቸው። በቁማቸው ሆነው፣

"አለቃ፣ ጥይት አይደለም። ቀርቀሃ ነው። ሲቃጠል እንዲህ ይጮሃል" አሏቸው።

አባባ ምን አሉ መሰላችሁ፣ "እኔ ነኝ ጥይት የማላውቀው?"

ቀርቀሃ በየአንጓው አየር አለው። እሳት ሲነካው አየሩ መውጫ አጥቶ ይፈነዳል። እዚህ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። አባባ አያውቁም ነበር። ሦስት ዓመት አሶሳ ሲኖሩ ያጠፉት የሳር እሳት፣ የገበያ እሳት፣ የነዳጅ እሳት ነበር፣ የቀርቀሃ ሰፈር ሲነድ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰሙት።

ከእሳቱ በኩል አንድ ሰው ጥላሸት ለብሶ እየሮጠ መጣ። ባለቤቴ ውስጥ ናት፣ ኑ፣ ብሎ ቱቦውን በእጁ መጎተት ያዘ። አባባ እግሩን ይዘው ጣሉት፣ ጥይት እንዳይመታው ብለው በላዩ ላይ ተኙበት። አባቴ ፈሪ ነበሩ የሚል ካለ ይሄን ይስማ፣ የራሳቸውን ጀርባ ነው ለጥይቱ የሰጡት። ግን ጥይት አልነበረም። ከሥራቸው ያለው ሰው ሀምዲያ፣ ሀምዲያ እያለ ይጣራል፣ አፉ አባባ ጆሮ ሥር ነው፣ እሳቸው ዝም በል፣ ተረጋጋ ይላሉ። ፍንዳታው እስኪያባራ እንዲያ ቆዩ፣ ውሃ የጀመረበት ሰዓት መዝገቡ ላይ ዘጠኝ ከሠላሳ ስድስት ይላል። ሃያ ሁለት ደቂቃ። ሀምዲያን ሲያገኟት በሩ ጋ ነበረች።

ያ ሰው ጋሽ ሙርሳል ናቸው። አዎ፣ ወንበር ሠሪው ጋሽ ሙርሳል። አሁን እዚያ መሃላችሁ ተቀምጠዋል፣ አውቃለሁ፣ ትናንት ከባምባሲ ገብተዋል ብለሽኛል።

ያንኑ ዕለት ጋሽ ሱለይማን የተሰነጠቀውን ቀርቀሃ ከአመዱ አንስተው አባባ ፊት አስቀመጡት። አባባ አዩት፣ ገባቸው። ሪፖርት መጻፍ ነበረባቸው። የዚያን ጊዜው አለቃቸው፣ ስሙን አልጠራም፣ እሱም ሞቷል፣ "ከእንጨት ተደብቀን ሰው ሞተ ብለህ ልትጽፍ ነው? ቤቱ ውስጥ ጥይት ነበር በል" አላቸው። አባባ ጻፉ። "በአቶ ሙርሳል ቤት የተከማቸ ጥይት በመፈንዳቱ ወደ ቦታው መጠጋት አልተቻለም።" ፈረሙ፣ ያንን ማህተም መቱበት። ጊዜው መጥፎ ነበር፣ ጥይት የሚል ወረቀት ከአንድ ቢሮ ወጥቶ ዝም አይባልም። ጋሽ ሙርሳል ሚስታቸውን በቀበሩ በሦስተኛው ቀን ተያዙ። አሥራ አራት ወር ታሰሩ። ጥይት የለኝም ሲሉ፣ ጠቋሚ አለ፣ ከቅርብህ ነው ተባሉ።

አባባ ለምን ወረቀቱን አልሰረዙም? ሆስፒታል አልጋው ላይ ይሄንኑ ጠየቅኳቸው፣ ጮኼ ነው የጠየቅኳቸው፣ ነርሷ አስወጥታኛለች። እናትህ አንተን የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች አሉኝ። ከሥራ ብባረር በሰው አገር የት እወድቃለሁ ብዬ ነው አሉኝ። እኔ ነኝ ምክንያቱ። እኔ ተወለድኩ፣ ጋሽ ሙርሳል ታሰሩ። ጋሽ ገረሱ፣ ይሄን ነው የቆረጡት እርስዎ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከተማው ያውቃል፣ ምክንያቱን ግን አያውቅም። ቁልፉ ከኪሳቸው ወጣ፣ እስከ ጡረታቸው ድረስ ከቦቴው ተነቅሎ አያውቅም። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ ቱቦ አያሲዙትም። ግቢው ውስጥ ቀርቀሃ ያነዱና ዓይኑን ጨፍኖ እንዲሰማ ያደርጉታል፣ ሲፈነዳ ካልደነገጠ ነው ሥራ የሚጀምረው። ራሳቸው ግን ሁልጊዜ ይደነግጡ ነበር፣ ፊታቸውን አዙረው። ከሥራ ሲወጡ ሚስማር ይዘው በየሰፈሩ ይዞራሉ፣ የሰው አጥር እያስፈቀዱ አንጓ አንጓውን ይበሳሉ። የተበሳ ቀርቀሃ ቢቃጠልም አይጮህም። ሰው ይስቅባቸዋል፣ ልጆች "በሺው" ይሏቸዋል፣ እኔ በልጅነቴ በዚህ ስም ስንቱን ተደባድቤያለሁ። ቀርቀሃውን ሁሉ ቢበሱትም ጆሯቸው ውስጥ ያለው ዝም አላለም። ምሳ እየበላን ማንኪያ ያስቀምጣሉ፣ ማነው የሚጣራው ይላሉ። ማንም አልተጣራም።

ጋሽ ሙርሳል በ1993 ሲፈቱ ቤታችን መጡ። ሊጣሉ አልነበረም። ሊያመሰግኑ ነው የመጡት። አላወቅክም ነበር አለቃ፣ ግን ገላህን በገላዬ ላይ አደረግክ፣ አላህ ያየዋል አሉ። አባባ ስለ ወረቀቱ ሳይነግሯቸው ወንበር አቀረቡላቸው። ጋሽ ሙርሳል ታዲያ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ማን እንደጠቆማቸው ተናገሩ። የሀምዲያ ወንድም፣ አልአሚን ነው፣ እህቴን አላዳንክም ብሎ ተበቀለኝ አሉ። አባባ ይሄንንም ሰምተው ዝም አሉ። እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይሄኛውን ዝምታ ነው።

ጋሽ ሙርሳል ባምባሲ ወርደው የቀርቀሃ ወንበር መሥራት ጀመሩ። አባባ ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብለው ይሄዳሉ፣ አንድ ወንበር ገዝተው ይመለሳሉ። ሃያ አምስት ዓመት፣ ሃያ አምስት ወንበር። ጓዳው ሞላ፣ እማማ መተላለፊያ አጣች። ለሰርግ አውሱን ሲሏቸው እምቢ ይላሉ፣ ሰፈሩ ስስታም አላቸው። እያንዳንዱን ወንበር ግን አንጓውን በጋለ ሚስማር በስተውታል። ለቀስተኞች፣ የተቀመጣችሁበት እሱ ነው። እጃችሁን ከሥር አስገብታችሁ ዳብሱት፣ ቀዳዳው አለ። ባለፈው መጋቢት፣ ሕመሙ ጠንቶባቸው ሳለ፣ እኔ ነኝ በመኪና የወሰድኳቸው። ጋሽ ሙርሳል ወንበሩን እየጫኑ፣

"አለቃ፣ ይሄ ወንበር ሁሉ ማን ይቀመጥበታል?" አሏቸው።

"አንድ ቀን ሰው ይመጣል" አሉ አባባ።

ሳንባቸው ነበር የታመመው፣ የዓመታት ጭስ። የሆስፒታሉ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ቀጭ ባለ ቁጥር ለመነሳት ይታገላሉ፣ ቦት ጫማቸውን ይፈልጋሉ። ከመሞታቸው አምስት ቀን በፊት እኔና ሩሐማን አስቀምጠው ሁሉንም ነገሩን፣ ሙርሳል ባሉበት ይነበብ አሉ። በሕይወት እያሉ ራስዎ ይንገሯቸው አልኩ። ድምፄ አይወጣም አሉ። እውነት ነው፣ አይወጣም ነበር። ትናንት ጠዋት በስልሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ጋሽ ሙርሳል፣ ጠቋሚው አልአሚን አይደሉም። የአባቴ ፊርማ ነው። አልአሚን ዛሬ እዚያ የሉም፣ እርስዎ ካሉበት አይመጡምና። ሃያ አምስት ዓመት የተኳረፉት በአባቴ ወረቀት ነው። የሪፖርቱንና የመዝገቡን ቅጂ ሩሐማ ይዛለች፣ ትስጥዎት። ይቅር በሉ አልልም፣ እኔ ራሴ ገና አልጨረስኩም።

አንድ ነገር ደግሞ። ሚሊሻዎቹ ለክብራቸው ጥይት ሊተኩሱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አይተኮስም። እባካችሁ፣ አንዲትም እንዳትተኮስ።

አቶ ደባልቄ ኤጀታ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የወርቅውሃን፣ ወንድማቸውን አቶ ገረሱን፣ ልጃቸውን ሩሐማንና እኔን ትተው አልፈዋል። ጋሽ ሙርሳልንና አልአሚንንም ትተው ነው ያለፉት፣ እነሱም ይቆጠሩ። እግዚአብሔር የሀምዲያንም የአባቴንም ነፍስ ጸጥ ያለ ቦታ ያሳርፍልን፣ ምንም በማይፈነዳበት፣ ማንም ማንንም በከንቱ በማይጣራበት።

ሩሐማ፣ እዚህ ላይ ዝጊው። ማይኩን ግን እንዳታጠፊው፣ ጋሽ ሙርሳል ፊት አድርጊላቸው። ወዲያው ላይናገሩ ይችላሉ። አስከሬኑን እንዳታስነሱ። ሃያ ሁለት ደቂቃም ቢሆን ጠብቋቸው።