ሁለት ዓይነት ኢንሹራንስ

ከቆቦ በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ለማያውቁት ጎረምሳ አንድ ወረቀት ሰጡት።

«ስልክ ቤት ነው የሰጡኝ። ለስልክሽ ኢንሹራንስ ግዢ ይሉኛል፤ እስቲ አንብብልኝ።»

«ሁለት ዓይነት አለው፣ እናቴ። በርካሹ ስክሪኑ ቢሰበር ያሠሩልዎታል። በውዱ ቢሰረቅም ሌላ ይሰጡዎታል።»

«ገበያ መሀል ቢወድቅብኝስ?»

«መጥፋትን አይሸፍንም ይላል።»

«ያነሳው ሰው ካልመለሰልኝ ሰረቀኝ አይደል?»

«እሱንስ እንጃ… ግራ ያጋባል።»

«ልጄ ከሳውዲ የላከልኝ ድምፅ አለበት። እሱን የትኛው ይተካልኛል?»

«ደውለው ድጋሚ ላክልኝ ቢሉትስ?»

«ከረመዳን ወዲህ ስልኩ አይነሳም።»

«…ቆዩ እስቲ፣ በጀርባው ተጽፎ ይሆናል።»

ሮቢት መውረድ የነበረብኝ ሰውዬ፣ ሮቢትን አልፈን ጎብዬ ስንደርስ ነው «ወራጅ አለ» ያልኩት።