ባለ ቀይ ክዳኑ ብልቃጥ

የምስክር ቃል

የምስክሯ መጠሪያ፦ በሰፈርም በሥራ ቦታም «አሠልጣኟ»
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ የትምህርት ቤት የሩጫ አሠልጣኝ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ፣ ከልብስ ስፌት ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ከምርምር ቤት ማቀዝቀዣ ስለተወሰደ የጡንቻ ናሙና

መጠሪያዬና አድራሻዬ ከላይ የተጻፉት ናቸው። ተጠርጣሪው የሟች ታላቅ እህቴ ባል ሲሆን ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። መርማሪው እንዳስረዱኝ፣ ተጠርጣሪው «የወሰድኩት የሚስቴን ናሙና ነው» ሲል ቃሉን ሰጥቷል። ምርምር ቤቱ በበኩሉ የሚስቱ ናሙና ከቦታው እንዳልተነቃነቀና የጠፋው ሌላ መሆኑን አመልክቷል። በዚህም ምክንያት ተጠርጣሪው ዋሽቷል ተብሎ ተጠርጥሯል። እኔ እስከማውቀው ድረስ የዋሸ ሰው የለም። ነገሩን ለማስረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እህቴን እትዬ እላት ነበር። በልጅነታችን እናታችን ዳቦ እንድትገዛ ስትልካት፣ እትዬ ሄዳ ስትመለስ ዳቦው ገና እንደጋለ ቤት ይደርሳል። እኔ የተላክሁ ቀን ዳቦው በርዶ፣ ጠርዙም ተገምጦ ነው የሚገባው። እናታችን በር ላይ ቆማ፣ እትዬ እየሮጠች መቀነቷን ስታስር ስታያት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትላት ነበር። አንድም ቀን አልተፈታም። እኔ በክለብ ታቅፌ፣ ጎህ ሲቀድ እየተነሳሁ ለዓመታት ተለማምጃለሁ፤ ሜዳሊያም አለኝ። እሷ ልብስ ስትሰፋ ውላ፣ መርፌውን ኮሌታዋ ላይ እንደሰካች፣ በነጠላ ጫማ ታስከትለኝ ነበር። እቀናባት ነበር፤ እወዳትም ነበር።

ተጠርጣሪው እትዬን ያወቃት በሥራው ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ ያመልጣታል፤ እሷ በአቋራጭ ሮጣ በሚቀጥለው ፌርማታ ቀድማው ቆማ ትጠብቀዋለች። ስትሳፈር ትንፋሿ እንኳ አይቆራረጥም። አንዳንድ ቀን እያያት ሆን ብሎ ጥሏት ይሄድ እንደነበር በሠርጋቸው ዕለት በሰው ፊት አምኗል። ከተጋቡም በኋላ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ሯጯ፣ መነጽሬን አየሽው?» «ሯጯ፣ እራት ደረሰ?» ይላት ነበር። ይህን ሁሉ ሲል ባለ ሜዳሊያዋ እኔ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ።

ባለፈው ዓመት በምርምር ቤቱ የሚሠራ ሐኪም፣ ልምምድ የማያውቁ ሰዎች በተፈጥሮ ብርታታቸው ለምን እንደሚበላለጡ ማጥናት ጀመረ። እኔና እትዬ እህትማማቾች፣ አንዳችን የተለማመድን ሌላችን ያልተለማመድን በመሆናችን ለማነጻጸሪያ ተመረጥን። ትንፋሽ የሚለካ ጭንብል አጥልቀን በመሮጫ መኪናው ላይ እስኪደክመን ሮጥን። በሌላ ቀን ደግሞ ቁርስ ሳንበላ ከክንዳችን ደም፣ ከጭናችን የምስር ፍሬ የምታህል ጡንቻ በመርፌ ተወሰደ። ሐኪሙ እንዳስረዳን ሰውነት ስኳርና ስብ አቃጥሎ ጉልበት ሲያወጣ በደምና በጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን ነገሮች ይተርፋሉ። አመዱ ታይቶ የነደደው እንጨት እንደሚገመት ሁሉ፣ ከእነሱም የሰውየው ጡንቻ እንዴት እንደሚነድ ይገመታል። ደሙ የሚለውን ጡንቻው ሁልጊዜ አይደግመውም፤ ደም የመላ አካላቱን ወሬ ይዞ ይዞራል፣ ጡንቻ ግን የራሱን ብቻ ይናገራል። ሁለቱም የተፈለጉት ለዚህ ነው። እትዬ መርፌውን ሳትፈራ «ስንት ዘመን እንደበለጥኩሽ እስቲ ሐኪም ይመስክር» ብላ ሳቀችብኝ። በመሮጫ መኪናውም በለጠችኝ፤ ሐኪሙ ቁጥሩን ደጋግሞ አየው። የሁለታችን ጡንቻ በሁለት ብልቃጥ ሆኖ በአንድ ትንሽ ሳጥን ተቀመጠ።

እትዬ ከሁለት ወር በፊት በድንገተኛ ሕመም አረፈች። ከቀብሩ በኋላ ተጠርጣሪው አንድ ነገር ከልቡ አልወጣ አለው። «ሰው ሲቀበር ሙሉውን ነው የሚቀበረው። ቁራጯ እዛ በረዶ ውስጥ ብቻዋን ናት፤ ብርድ ደግሞ አትወድም እኮ» አለኝ። ምርምር ቤቱን እንዲጠይቅ መከርኩት። ጠይቆ፣ ጥናቱ ሳያልቅ አይሰጥም መባሉን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደውሎ ወደ መቃብሩ እንድመጣ ነገረኝ። ስደርስ ተንበርክኮ አገኘሁት። አጠገቡ በሥራ ዘመኑ ሻይ ይይዝበት የነበረው ፔርሙዝ ቆሟል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ልይ ብቻ ብሎ እንደለመነ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋም አዝናለት ከፍታ እንዳሳየችው፣ ፊቷን ስታዞር አንዱን ብልቃጥ በረዶ በሞላው ፔርሙዝ ውስጥ እንደከተተ ነገረኝ። ይህን በዓይኔ አላየሁም፤ የሰማሁት ከራሱ ነው። ከዚያ ብልቃጡን አወጣ። ክዳኑ ቀይ ነበር።

ቀዩ ክዳን የእኔ ነው። ሳጥኑ ላይ «ቀይ፦ ሯጭ፤ ሰማያዊ፦ ሯጭ ያልሆነች» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ተጠርጣሪው ይህን አንብቦ ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረም። እሱ ዘንድ ሯጭ የምትባል ሴት አንዲት ብቻ ናት።

«ጋሼ» ብዬ ልነግረው ጀምሬ ነበር። እሱ ግን ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አንስቶ «አየሽ፣ እነሱም ሯጭ ብለዋታል። በመጨረሻ ታወቀላት» አለኝ። የጀመርኩትን ትቼ፣ ብልቃጡን በቆፈረው ጉድጓድ ሲያኖር አፈሩን አብሬው መለስኩ። ስለዚህ የገዛ ሥጋዬን በገዛ እጄ በእህቴ እግር ሥር ቀብሬያለሁ ማለት ነው። አልከፋኝም። በልጅነታችን የምንተኛው በአንድ አልጋ ነበር፤ የእኔ እግር ስለሚሞቅ ቀዝቃዛ እግሯን ትለጥፍብኝ ነበር። ብርድ እንደማትወድ ከእሱ በፊት እኔ አውቃለሁ።

«ለምን ወዲያው አላመለከትሽም?» ተብዬ ተጠይቄ፣ «ለማን ብዬ?» ስል መልሻለሁ። የጠፋው ናሙና የእኔ ስለሆነ በተጠርጣሪው ላይ ክስ የለኝም። ሐኪሙ ምትክ ከፈለገ ጭኔ ይኸው፤ መርፌውን ይዞ ይምጣ። የእትዬ ባለ ሰማያዊ ክዳን ብልቃጥ ባለበት ይቆይልኝ። ወዳ ፈቅዳ የሰጠችው ነው፤ እንደበለጠችኝ ሳይመሰከርላት እንዲወጣ አልፈልግም። ተጠርጣሪው ግን የማንን ሥጋ እንደቀበረ እስካሁን አልተነገረውም፤ ወደፊትም እንዳይነገረው እለምናለሁ። አንድ ሰው ሚስቱን ስንት ጊዜ ይቀብራል?

መርማሪው ቃል ሊገቡልኝ እንደማይችሉ፣ ነገር ግን እንደሚያስቡበት ገልጸውልኛል። ተጠርጣሪው አሁን ውጭ ኮሪደሩ ላይ ፔርሙዙን ታቅፎ ተቀምጧል። ወደዚህ ስገባ እጄን ይዞ «አይዞሽ፣ አሁን ሞቋታል» ብሎኛል።

የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ኮሪደሩ ድረስ እንዳይሰማ በሩ ተዘግቶ፣ በለሆሳስ ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________